መርዶ ነጋሪዋና የናይሮቢው ዕዳ

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ዕፀገነት ባለችበት ሰፈር ሰው ሲሞት ከድንኳኑ በፊት የምትፈለገው እሷ ናት። ሟቹ ሩቅ አገር የነበረ ከሆነ ወይም ሆስፒታል እንደገባ ከቀረ፣ ምንም ሳያውቅ እቤቱ ለተኛው ዘመድ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከእሷ የተሻለ ሰው የእድሩ አባላት አግኝተው አያውቁም። ይህን ሹመት ለምና አላገኘችውም። ባሏ የሞተ ጊዜ ነጋሪዎቹ "ትንሽ አሞታል"፣ ቀጥለው "ሻል ብሎታል"፣ ቀጥለው "አዲስ አበባ ሊወስዱት ነው" እያሉ ግማሽ ቀን ሲያንገላቷት ውለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሰቃይ ብላ ሥራውን ራሷ ያዘችው።

አሠራሯን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ትደርሳለች። ሕፃናት ካሉ አስቀድማ ጎረቤት ታስወስዳለች። አንድ ሽማግሌ ከፊት፣ ሁለት ጠንከር ያሉ ሴቶች ከግራና ከቀኝ፣ ውሃ የያዘች ሴት ከኋላ ይሆናሉ። ከዚያ ሰውየውን ታስቀምጠዋለች፣ እጁን ትይዘዋለች፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሳለች። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሸዋንግዛው ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ማንኛውንም ንግግር ከዓለም አፈጣጠር ስለሚጀምሩ፣ እሷ ባለችበት መርዶ ላይ ከፊት ቆመው ዝም እንዲሉ በጨዋ ደንብ ከተነገራቸው ቆይቷል።

እንጀራዋ ስፌት ነው፤ የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። ራሷ ደሴ የተወለደች፣ ከአፏ ማርያም የማትጠፋ ኦርቶዶክስ ብትሆንም፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር የሚያልፈው ጨርቅ አብዛኛው የፕሮቴስታንት ኳየሮች ነው። ለሰንበት ተማሪዎቹም ለኳየሮቹም እኩል ትጠነቀቃለች፤ ዋጋም ለሁለቱም እኩል ታስወድዳለች። ልጇ አንድ ናት፣ ህሊና። ህሊና ከልጅነቷ ክርና መርፌ አትወድም ነበር፤ እጇ የሚፈታው ፀጉር ላይ ነው። ናይሮቢ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ሐበሾች በሚበዙበት ሰፈር ጠባብ የፀጉር ቤት ከፍታ ኑሮዋን ትገፋ ነበር፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለእናቷ ትደውላለች።

ነገሩ የተጀመረው ስልኩ በቀረበት እሑድ ነው። ዕፀገነት ራሷ ደወለች፤ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። ባትሪ ይሆናል፣ ኔትወርክ ይሆናል እያለች ራሷን አጽናናች። በዚያው ሳምንት ግን የሰፈሩ ሰው ጠባይ ተለወጠባት። ከህሊና ጋር የተማረው ባጃጅ ነጂ ሒሳብ አልቀበልም አላት። በቲማቲም ዋጋ ሁልጊዜ የምትጨቃጨቃት ባለጉሊት ሳትጠየቅ መረቀችላት። አጥር የምትጋራት ጫልቱ፣ ሱቋን ዘግታ እሷ ቤት ሳትቀመጥ የማይመሽላት ጓደኛዋ፣ ዓይን ዓይኗን ማየት ተወች። ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት ያለ ደግ ሰፈር ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ዕፀገነት ግን ይህን ደግነት ታውቀዋለች። መርዶ ሊነገረው ላለ ሰው እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እሷ ራሷ ስንቱን እንዲህ አባብላለች።

ደሴ ላለው ወንድሟ ደወለች። ደህና ነው፤ እንዲያውም ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራላት አቆያት። እንግዲህ የቀረው ሰው አንድ ነው። ያን ሐሳብ ግን እስከ መጨረሻው ለማሰብ አልደፈረችም። የአንድ ኳየር ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ ፈታችውና እንደገና ገልብጣ ሰፋችው።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አቶ ሸዋንግዛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ቆመዋል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ጠንከር ያሉ ሴቶች አሉ። ከኋላ ጫልቱ ናት፣ ውሃ የሞላ ጆግ ይዛ።

አቶ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወይዘሮ ዕፀገነት፣ እንግዲህ የሰው ልጅ በዚህች ዓለም ላይ ሲኖር..."

ዕፀገነት የሰማችው እዚህ ድረስ ነው። "ልጄን" ብላ ጮኸች፤ ደረቷን እየመታች ወደ መሬት ወረደች። ሴቶቹ እሷው እንዳስተማረቻቸው በብብቷ ሥር ገብተው ደገፏት። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ እያለቀሰ ከየቤቱ ወጣ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥም ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ የድንኳኑን ብረት እየጎተተ አምጥቶ በሯ ላይ ዘረገፈው። አቶ ሸዋንግዛው ንግግራቸውን ቀጥለው ነበር፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ያን ትርምስ ያቆመችው ጫልቱ ናት። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችና የጓደኛዋን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

"ዕፀ፣ አልሞተችም። ዕዳ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ህሊና በሕይወት አለች። ገንዘብ ተበድራ መክፈል አቅቷት ነው።"

ዕፀገነት አተኩራ አየቻት። "ማርያምን በይ።"

ጫልቱ ጴንጤ ናት፤ በማርያም ምላ አታውቅም። ያን ቀን ግን ግራ ቀኝ ሳታይ "ማርያምን" አለች።

ዕፀገነት መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሳቅ ያዛት። ዕንባዋ ሳይቆም ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ያዩዋት ሴቶች አእምሮዋን የሳተች መስሏቸው ተያዩ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ወደ አቶ ሸዋንግዛው ዞረች። "አንድ ዓረፍተ ነገር" አለቻቸው። "ስንት ጊዜ ነገርኩዎት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።" ሰውየው አንገታቸውን ደፉ።

የሆነው እንዲህ ነው። ህሊና የፀጉር ቤቱ ኪራይ ሲጨምርባት በስልክ ከሚያበድሩ ድርጅቶች ከአንዱ ተበደረች። የዚያን ለመክፈል ከሌላው፣ የሌላውን ለመክፈል ደግሞ ከሌላ ተበደረች። እነዚህ አበዳሪዎች ቤትም መኪናም አያስይዙም። የሚጠይቁት ተበዳሪው ስልኩ ላይ ያለውን የሰው ስምና ቁጥር እንዲከፍትላቸው ብቻ ነው፤ ለካ መያዣው እሱ ኖሯል። ቀኑ ሲያልፍባት፣ ስልኳ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ፎቶግራፏን በቀይ ጽሑፍ "ይህች ሴት አጭበርባሪ ናት" ብለው በተኑት። ለባጃጅ ነጂው ደረሰው፣ ለባለጉሊቷ ደረሳት፣ ለጫልቱ ደረሳት፣ ለአቶ ሸዋንግዛውም ደረሳቸው። ሰፈሩ ሳምንቱን ሲንሾካሾክ ሰነበተ። እንዲህ ያለ ወሬ ለእናት መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም፣ በወጉ ሄደን እንንገራት ተባባሉ። ክፉ ወሬ በወጉ የሚነገርበት የሚያውቁት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ያስተማረቻቸውም እሷ ናት።

ጫልቱ ምስሉን አሳየቻት። ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያነብ የከረመው ቀዩን ጽሑፍ ነበር። ዕፀገነት ፊቷን ብቻ አየች።

"ከስታለች" አለች።

አቶ ሸዋንግዛው ጥፋታቸውን ለመካስ ፈልገው እድሩ ከሣጥኑ አንድ ነገር እንዲያደርግ ሐሳብ አቀረቡ፤ የተሰበሰበውም ሰው ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። ዕፀገነት ምስጋናዋን አስቀደመች። "የእድር ገንዘብ ለሞተ ሰው ነው" አለች ቀጥላ፤ "የእኔ ልጅ አልሞተችም።" ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት የሰሙ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። ልጇ ባለዕዳ መሆኗ በአደባባይ በተነገረባት ማለዳ፣ ልጇ ዲግሪ እንደያዘች እናት ቀና ብላ ነበር የቆመችው።

ቀጥላ ያደረገችውን ግን ማንም አልጠበቀም። ከምስሉ ግርጌ የአበዳሪዎቹ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እባብ የሸሸው ቁጥር። የጫልቱን ስልክ ተቀበለችና እዚያ ላይ ደወለች።

ያነሣችው ወጣት ሴት ናት። ድርጅቱ ለሐበሻ ተበዳሪዎች ብሎ አማርኛ የምትችል ልጅ ቀጥሯል፤ ሰሚራ ትባላለች፣ የሞያሌ ልጅ ናት። ዕፀገነት የህሊና እናት መሆኗን ስትነግራት፣ ልጅቷ በቃሏ ያጠናችውን ወረደችው፤ ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ስም ማጥፋት አለ፣ እስከ ነገ ካልተከፈለ እንዲህ ይሆናል። ዕፀገነት አላቋረጠቻትም።

"ጨረስሽ፣ የኔ ልጅ?"

"አዎ።"

"ልጄን መጨረሻ ያናገርሻት መቼ ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በተሰጣት ወረቀት ላይ አልነበረም። ልጅቷ "ስልኳን ከመዝጋቷ በፊት፣ ባለፈው ሳምንት" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። "እማማ፣ እያለቀሰች ነበር። ለፈለጋችሁት ንገሩ፣ እናቴን ግን ተዉልኝ አለች። ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት የእርስዎን ቁጥር ከስልኳ አጥፍታዋለች። ለዚህ ነው ለእርስዎ ያልደወልነው።"

ዕፀገነት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ልጇ የምታውቀውን ሰው ሁሉ መያዣ አድርጋ ሰጥታለች፤ እሷን ብቻ ደብቃ አስቀርታለች። ሞኝ ልጅ ናት። ስልኩን ለጫልቱ መለሰችና ግቢው መሐል ቆማ አሰበች። አሁን ነገሩ ገብቷታል፤ ህሊና ስልኳን የዘጋችው አበዳሪዎቹን ፈርታ አይደለም፣ እናቷ የሰማች ዕለት የሚሆነውን ፈርታ ነው። ሰው ብቻውን ተደብቆ በኃፍረት ሲብሰለሰል በራሱ ላይ የሚያደርገውን ደግሞ ዕፀገነት ታውቃለች። እንዲህ ያለውን መርዶ አንድ ጊዜ ነግራለች፤ የነገረቻት እናት ዛሬም ድረስ ስታያት መንገድ ትቀይራለች። ዕዳው ይቆያል፤ ልጅቷ ግን ሳትውል ሳታድር መገኘት አለባት።

"ይህ ፎቶ የደረሰው ሰው እጁን ያውጣ" አለች ለተሰበሰበው።

ማንም አላወጣም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ፤ ሳምንት ሙሉ አውቆ ዝም ማለቱ አሁን አሳፈረው። መጀመሪያ ያወጡት አቶ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ይህ ይመሰገንላቸዋል። ከዚያ ጫልቱ፣ ከዚያ ባጃጅ ነጂው፣ ከዚያ እጅ ያላወጣውን መቁጠር ይቀል ነበር። ዕፀገነት የፈለገችውን ነገረቻቸው። ፎቶው የደረሰው ሰው ሁሉ ለህሊና በድምፁ መልእክት ይላክላት። ስለ ዕዳው ምንም አይጠይቃት፣ አይምከራት፣ አያጽናናት። ማን እንደሆነ ይናገር፤ እናትሽ ሰምታለች፣ ደህና ናት፣ ደውዪላት ይበል።

ለለቅሶ የወጣው ሕዝብ በድንኳኑ ብረቶች ላይ ተደርድሮ ተቀመጠና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ባጃጅ ነጂው አብረው ሲማሩ በሚጠራት ቅጽል ስም ጀመረ። ባለጉሊቷ አማርኛው ስላልተመቻት በሲዳምኛ ላከች፤ ህሊና ሲዳምኛውን ከእሷው ጉሊት ሥር ስትጫወት ነው የለመደችው። ጫልቱ ሁለት ቃል ብላ አለቀሰች፤ ዕፀገነት አላለፈችላትም፣ ዕንባዋን ጠርጋ ደግማ እንድትልክ አደረገቻት። አቶ ሸዋንግዛው የመጀመሪያውን ከሰው ልጅ ጀመሩት፤ አስጠፋቻቸው። ሁለተኛውን ከስደት ጀመሩት፤ እሱንም አስጠፋቻቸው። በመጨረሻ "ህሊና፣ ሸዋንግዛው ነኝ። እናትሽ አውቃለች። ደውዪላት" አሉና ላባቸውን ጠረጉ። በሕይወታቸው ያደረጉት አጭር ንግግር እሱ ነው።

ቅዳሜ እንዲሁ ዋለ። ከመልእክቶቹ ጎን ያለው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ አልደረሳትም ማለት ነው። ጫልቱ ሱቋን ትታ ስልኩን ስታይ ዋለች። ዕፀገነት ቀሚሱን ይዛ ተቀመጠች፤ እጅጌውን አቃንታ ገጠመችው። አልፎ አልፎ መኪናውን አቁማ ትጸልይ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ምልክቱ ሁለት እንደሆነ ነገረቻት። ሁሉም አንድ ላይ ደርሰዋታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዕፀገነት ከማታውቀው የኬንያ ቁጥር ተደወለላት። አንሥታ "አቤት" አለች፤ ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። የልጇን ትንፋሽ ለይታ ታውቀዋለች። አላዋከበቻትም፤ ጠበቀች።

"እማዬ፣ ሰው ሁሉ ሰማ" አለች ህሊና።

"ሰማ። ከሰማው ሰው ውስጥ መልእክት ያልላከልሽ ማነው?"

ህሊና እያሰበች ነበር፤ ስሞቹን አንድ በአንድ እያለፈች። "ማንም የለም" አለች በመጨረሻ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ቀን የያዘችው ልቅሶ መጣ። ዕፀገነት እስኪወጣላት ተወቻት። ሲወጣላት ያለባትን ሁሉ ምንም ሳታስቀር በአንድ ጊዜ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ህሊና ነገረቻት፤ ከተጠበቀው በላይ ነበር። እናቲቱ "በስመ አብ" እንኳ አላለችም።

ብዙ እናት እዚህ ላይ ቤቷን ትሸጣለች፤ ህሊናም የፈራችው ይህንኑ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ረግማ ትተዋታለች። ዕፀገነት ሁለቱንም አላደረገችም፤ ይህችን ሴት ለማድነቅ ሌላ ምክንያት ባይኖር ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። ልጇን ዕዳ ለመክፈል ሌላ ዕዳ እንዳትገባ አስማለቻት። ሰሚራ ከሥራ ወጥታ በገዛ ስልኳ፣ በጫልቱ ቁጥር ለዕፀገነት ደወለችላትና፣ ዋናው ብድርና ወለዱ ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ህሊና ቢሯቸው ድረስ ሄዳ ትጠይቅ፣ በየወሩ እንድትከፍል ትዋዋል፣ በማንም ሰው የግል ስልክ ግን አንድ ሳንቲም እንዳትልክ ብላ መከረቻት። ዕፀገነት መረቀቻት፤ ከመረቀቻት በኋላ ደግሞ የሰው እናት የሚያስለቅስ ሥራ ተዪ ብላ ተቆጣቻት። ሰሚራ ሥራውን ትተወው አትተወው አይታወቅም፤ በበዓል ግን ትደውላለች።

ከዚያ ዕፀገነት የምትችለውን እርዳታ አሰበች። ናይሮቢ ያሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን አሏቸው፤ መዘምራኑ ልብስ ይፈልጋሉ። ህሊና እየዞረች ትዕዛዝ ትቀበል፣ ትለካ፤ እናቷ ትሰፋለች፤ ልብሱ ከመናኸሪያው በሞያሌ መኪና ይሄዳል፤ ትርፉ የህሊና ነው። ህሊና በልጅነቷ ከሜትር ስትሸሽ የኖረች ስለሆነች፣ የላከችው የመጀመሪያ ልኬት ሲታይ አንዱ ዘማሪ ወገቡ ከቁመቱ ይበልጣል። ዕፀገነት ቁጥሩን ለጫልቱ አንብባላት ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ በስልክ፣ ትከሻ ከየት እስከ የት እንደሚለካ፣ ሰው ሆዱን ሲያስገባ እንዴት እንደሚነቃበት አስተማረቻት። አሁን ልጅቷ ለክታ አትሳሳትም። ዕዳው ገና አላለቀም፤ አንደኛው አበዳሪ ግን ተከፍሎ ተዘግቷል፣ የፀጉር ቤቱም በር ክፍት ነው።

ስለዚያ ቅዳሜ ማለዳ ለህሊና ማንም አልነገራትም። ዕፀገነት ሰፈሩን አስጠንቅቃ ነበር፤ ልጅቷ የተሸከመችው ይበቃታል ብላ። ህሊና የምታውቀው እናቷ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ በትዕግሥት እንደተቀበለችው ብቻ ነው። ከወራት በኋላ በአንዱ እሑድ፣ የአዲስ ትዕዛዝ ልኬት አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች።

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ምንም አልተቆጣሽብኝም?"

ዕፀገነት ልዋሽ ወይስ ልንገራት ብላ ጥቂት አመነታች።

"ሞተሻል ብዬ አልቅሼልሻለሁ፣ ልጄ" አለቻት። "ከዚያ ወዲያ ቁጣ ከየት ይምጣ።"